ብርጭቆውን ማን ሰበረው?

የጣለኝ እንግሊዝኛዬ ነው ብዬ አንድ ዓመት ያህል አምኜ ኖርሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ቋንቋው አልታዘዝ አለኝ» እላለሁ፤ ሰሚውም ራሱን እየነቀነቀ ያዝንልኛል። ነገሩ እንዲያ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ግጥምም ስለ ልብ ወለድም ሳይሆን፣ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ባዕድ ስለሚመስል ጉዳይ ልጽፍ ተነሣሁ። እንግሊዝኛ የእናቱ ቋንቋ ያልሆነ ሰው ለንግድ ትምህርት ቤት የመግቢያ ቃለ መጠይቅ እንዴት ይዘጋጅ? አንባብያን ሆይ፣ ቶሎ አትለፉኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ከእኛው ሰፈር፣ ከቃልና ከታሪክ አነጋገር ሰፈር ነው።

ቦታው አዲስ አበባ፣ ዘመኑ 2010 ዓ.ም. ነው። ቡና ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ የጭነትና የጥራት ጉዳይ እከታተል ነበር። ባሕር ማዶ ባለ ትምህርት ቤት የንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አመለከትሁ። ፈተናውን አለፍሁ፤ የድጋፍ ደብዳቤዎቹ ተላኩ፤ ድርሰቱ ተጻፈ። ከዚያ የቃለ መጠይቅ ጥሪ መጣ።

ትምህርት ቤቶቹ በዚህ ረገድ የየራሳቸው ልማድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተው የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ጠያቂ ማመልከቻውን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ይመጣና ለ30 ደቂቃ ያህል ያነጋግራል። ፈረንሳይ አገር ፎንቴንብሎ ያለው ኢንሲያድ አብዛኛውን ጊዜ አመልካቹን ከቀድሞ ምሩቃኑ ከሁለቱ ጋር ያገናኛል። ዋርተን ደግሞ አመልካቾችን በቡድን አሰባስቦ ሲወያዩ ይመለከታል። መልኩ ይለያይ እንጂ ፍሬው አንድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው በአካል ሲናገር መስማት ይፈልጋሉ። የሚጠይቁትም የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። ስለ ራስህ ንገረን። ይህን ትምህርት ለምን ፈለግኸው? ለምን አሁን? ለምን እኛ ዘንድ? ሰዎችን የመራህበትን ጊዜ ንገረን። የወደቅህበትን ጊዜ ንገረን።

እንግሊዝኛን ያወቅሁት በዓይኔ ነው፤ በጆሮዬና በአፌ አላወቅሁትም። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል። መምህሩ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ በአማርኛ ያብራራል፣ እኛ በእንግሊዝኛ እንገለብጣለን። የቅጠልን ምግብ አሠራር በሁለት ገጽ እንግሊዝኛ መጻፍ የሚችል ተማሪ፣ መንገድ ለጠፋበት ቱሪስት ቀኝና ግራውን ለማመልከት ምላሱ ይተሳሰራል። እኔም ከዚህ ቤት ነው የወጣሁ። ስለዚህ ዝግጅት ማለት የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ መሸምደድ።

ደብተር ገዛሁ። 42 ጥያቄዎች ሰብስቤ 42 መልሶች ጻፍሁ። በየመልሱ ውስጥ ከመዝገበ ቃላት የቃረምኋቸውን ከባድ ከባድ ቃላት ደረደርሁ። ማታ ማታ በመስታወት ፊት ቆሜ አነበነብሁ፤ «ሦስት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ስሪ» እንዳልለው ምላሴን በጥርሶቼ መካከል እያወጣሁ ከራሴ ጋር ታገልሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ አበው፣ እኔ ግን ሳልሮጥ፣ ተረጋግቼ የታጠቅሁ መሰለኝ።

ጠያቂዬ የትምህርት ቤቱ ምሩቅ የሆነ፣ ለሥራ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ነበር። በአንድ ሆቴል ተገናኘን። ትሑትና ጨዋ ሰው ነው፤ ቡና ጋበዘኝ። «እስቲ ስለ ራስህ ንገረኝ» አለ። ጀመርሁ። ቁጥር አንድ መልስ ነበረች፤ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ትንፋሼን ሳልሰበስብ ወረድሁባት። መሐል ላይ አንድ ነገር ስቦት «ቡና ቅምሻ ተምረሃል? እንዴት ነው የሚቀመሰው?» ብሎ አቋረጠኝ።

እነሆ፣ በየቀኑ የምሠራው ሥራ! ዱቄቱ ላይ ፍል ውሃ ሲፈስ ሽታው ሲነሣ፣ በማንኪያ ፉት ብሎ ምላስ ላይ መበተን፣ ከዚያ መትፋት፤ በአማርኛ ቢሆን አንድ ሰዓት ባወራሁት ነበር። ደብተሬ ውስጥ ግን አልነበረም። ጥቂት ቃል አጉረመረምሁና ወደ ቁጥር አንድ መልሴ ተመለስሁ፤ ካቆምሁበት መቀጠል አቅቶኝም ከመጀመሪያው ቃል እንደ ገና ጀመርሁ። ሰውየው ዓይኑን ወደ ሲኒው ዝቅ አደረገ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ያን ቀን ሁለቱንም ነበርሁ።

ቀጥሎ ሥራ የተበላሸበትንና የታረመበትን ጊዜ ጠየቀኝ። ይህ ተዘጋጅቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ክረምት 320 ጆንያ ቡና፣ ባለ 60 ኪሎ፣ አንድ ኮንቴይነር ሙሉ፣ ወደ ጅቡቲ ሊነሣ ሲል ከፊሉ እርጥብ ሆኖ የተገኘበትን ታሪክ ተረክሁ። «ችግሩን ደረስንበት። ጭነቱን አስቆምን። እርጥቡን ለየን። ለገዢው አስታወቅን። ውሉን አዳንን።»

«አንተ ምን አደረግህ?» አለኝ።

«ቡድናችን ፈጥኖ ተንቀሳቀሰ» አልሁ።

«ገባኝ። አንተስ?»

«በጋራ ተወያይተን ወሰንን።»

«ይገባኛል» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም። «ግን አንተ፣ አንተ ራስህ፣ በዚያ ቀን ምን አደረግህ?»

ዝም አልሁ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው፤ ያ ዝምታዬ ግን እዚያው ወንበሬ ላይ ሲነቅዝ ታየኝ። በመጨረሻ «የቡድን ሥራ ነበር» ብዬ ዘጋሁት። ከሁለት ወር በኋላ አጭርና ጨዋ ደብዳቤ መጣ። አልተቀበሉኝም።

*   *   *

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያሰብሁትን ልናገር።

መጀመሪያ ያስተዋልሁት የዓረፍተ ነገራችንን አካሄድ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን ለመጨረሻ ያቆያል። ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት፣ ከማን ጋር፤ ይህ ሁሉ ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ነው «አደረገ» ወይም «አላደረገም» የሚባለው። ሰሚያችንም ይህን ለምዶ ይታገሣል፤ እንዲያውም መዘግየቱ ያጓጓዋል። የታሪክ አነጋገራችንም የዓረፍተ ነገራችን ልጅ ነው። ከዘር ማንዘር፣ ከአየሩ ሁኔታ፣ ከመንገዱ ርዝመት ተነሥተን ቀስ እያልን ወደ ነገሩ እንደርሳለን። የ30 ደቂቃ ጠያቂ ግን ማሰሪያውን መጀመሪያ ይፈልጋል። «ጭነቱን አስቆምሁ፤ ምክንያቱም…» ሲባል ጆሮው ይከፈታል። «በዚያ ክረምት ዝናቡ ከባድ ነበር፣ መጋዘናችንም አሮጌ ነበር» ተብሎ ሲጀመር ግን ወዴት እንደሚወሰድ አያውቅም። ይህ የሰዋስው ችግር አይደለም፤ እያንዳንዱ ቃል ትክክል ሆኖ ሳለ ንግግሩ ሰሚ ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛው ከዚህ ይጠልቃል። በቤታችን ብርጭቆ ራሱ ነው የሚሰበር። ልጅ ሆነን ከእጃችን ወድቆ ሲንኮታኮት እናታችን ከጓዳ «ምንድን ነው እሱ?» ትላለች። መልሳችን «ብርጭቆው ተሰበረ» ነው። ማንም አልሰበረውም። አድገንም አልተውነውም፤ አውቶቡስ ያመልጠናል፣ ገንዘብ ይጠፋብናል፣ ሥራ ይበላሽብናል። እንግሊዝኛ ይህ ማምለጫ የለውም ማለቴ አይደለም፤ አለው፣ ሹማምንቱም በሚገባ ይጠቀሙበታል። ቃለ መጠይቁ ግን ይህችን የጓሮ በር ዘግቶ፣ «ብርጭቆውን ማን ሰበረው?» ብሎ ፊት ለፊት ይቆማል።

ሦስተኛው «እኛ» ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እየተባለ ያደገ ሰው «እኔ» ማለት አፉን ይተናነቀዋል። ራስን ማመስገን ነውር ነው። ሰው ስለ አንተ ይናገርልህ እንጂ አንተ ስለ ራስህ አትናገርም። ፉከራና ቀረርቶ አለን እርግጥ ነው፤ እሱ ግን ጊዜና ቦታ፣ ሥርዓትና ዜማ አለው እንጂ በሆቴል ወንበር ላይ ቡና እየጠጡ አይፎከርም። ስለዚህ «እኛ» ማለቴ ትሕትና ነው፣ ባህሌ ነው፣ ፈረንጁ አልተረዳኝም ብዬ ተጽናናሁ። ይህን ማጽናኛ ከእጄ የነጠቁኝ አንዲት ቡና ለቃሚ ናቸው።

*   *   *

2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለሌላ ትምህርት ቤት ለማመልከት ስዘጋጅ፣ ደብተሩን ጥዬ ታሪኮቼን መጀመሪያ በአማርኛ ለመናገር ወሰንሁ። ለማን? በቦታው ለነበረ ሰው። መጋዘናችን ውስጥ ሴቶች በተንቀሳቃሹ ቀበቶ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተሰባበረውንና በነፍሳት የተበላውን ፍሬ በእጃቸው ይለቅማሉ። ከመካከላቸው ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው አንዲት አንጋፋ አሉ። በሻይ ሰዓት ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎትና ይፍረዱኝ» አልኋቸው። የ320ውን ጆንያ ታሪክ አሳምሬ ተረክሁላቸው። ደረስንበት፣ አስቆምን፣ ለየን፣ አዳንን።

እስኪያልቅ ሰሙኝ። ከዚያ «ታዲያ እኔን የት ጣልከኝ?» አሉ።

ደነገጥሁ።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ‘የዚህ ቡና ጠረኑ ልክ አይደለም’ ያልኩህ እኔ አይደለሁም? ‘ቆዩኝ እትዬ፣ መኪናው ቆሟል’ ብለኸኝ አልሄድክም?»

ሄጃለሁ። እጄ ላይ የትናንቱ የእርጥበት ልኬት ወረቀት ነበር። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ለውጭ ገበያ ከሚመክረው 12.5 በመቶ በታች የሚል። ሌሊት ግን ዘንቦ ነበር፤ ከጣሪያው አንዱ ቆርቆሮ ማፍሰሱን ማንም አላየም። ዳግመኛ መለካት ነበረብኝ፤ አልለካሁም። ከቀትር በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ከተጫነ በኋላ፣ የሴትየዋ ቃል ሲከነክነኝ ቆይቶ ተመለስሁና አንዱን ጆንያ ከፍቼ እጄን ከተትሁ። ሳወጣው እጄ የእርጥብ ምድር ሽታ ይሸታል። ያን ጊዜ መኪናው ላይ ወጥቼ ጫኞቹን አስቆምሁ። ለአለቃዬ «እኔ ነኝ ያልለካሁት» አልሁት። ለገዢው ራሴ ደወልሁ፤ ሌላ ሰው ሳይነግረው እውነቱን ነገርሁት። 46 ጆንያ ወጥቶ በደረቅ ተተካ። መርከቡ ግን ከጅቡቲ ሄዶ ነበር፤ ቀጣዩን አንድ ሳምንት ጠበቅን። ገዢው ከዋጋው ቀነሰ፤ ደንበኝነቱን ግን አልተወም።

በአንዲት «እኛ» ውስጥ ሦስት ሰው ቀብሬ ነበር። ያስጠነቀቁትን ሴት፤ ማስጠንቀቂያውን ያልሰማውን እኔን፤ በኋላም መኪናው ላይ የወጣውን እኔን። የመጀመሪያዋን መቅበሬ ስርቆት ነው። ሁለተኛውን መቅበሬ ሽሽት ነው። ትሕትና ሊባል የሚችለው ሦስተኛው ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከሁለቱ ጋር ተጠቅልሎ ስለ ተቀበረ አላመረበትም። ጠያቂዬ «አንተ ምን አደረግህ?» ሲለኝ ምላሴን ያሰረው እንግሊዝኛ አልነበረም። ጥያቄውን በአማርኛም ቢሆን ለራሴ መልሼው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ማለት የምፈልገው ይህ ነው። ለእንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ መዘጋጀት መጀመሪያ በራስ ቋንቋ የሚደረግ የሒሳብ ምርመራ ነው። ማን ምን አደረገ? እኔ ምን አደረግሁ? ምንስ ሳላደርግ ቀረሁ? ይህ በአማርኛ ካልጠራ በእንግሊዝኛ አይጠራም። ከጠራ ግን የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ የሚገርም ያህል ጥቂት ነው። «ነገረችኝ። አልሰማሁም። ተመለስሁ። አስቆምሁ።» ይህን ለማለት የ6ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ይበቃል።

*   *   *

አጎቴ በልጅነቱ ጎጃም፣ ዋሸራ ቅኔ ተምሯል። ዳዊት መድገምና ቅኔ መቁጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ይነግረን ነበር። ዳዊት ደጋሚ ቃሉን እንደ ተጻፈ ይይዛል፤ አንዲት ፊደል ብታመልጠው ስህተት ነው። የቅኔ ተማሪ ግን የትናንቱን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት አይቀርብም። ሰዋስውን ያውቃል፣ ዜማውን ያውቃል፣ ታሪኩንና ምሳሌውን በልቡ ይዟል፤ ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያሰላስላል፤ ቃሉን ግን ለዕለቱ አዲስ ያበጃል። መምህሩም ያርመዋል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል።

እኔ ለቅኔ ጉባኤ ዳዊት ሸምድጄ ነበር የሄድሁት። በሁለተኛው ዙር አጎቴ እንደ ነገረኝ ለማድረግ ሞከርሁ፤ ዛሬ ለሚጠይቁኝ ወጣቶችም የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

ከ42 መልስ ይልቅ ስድስት እውነተኛ ታሪክ ያዙ። አንድ የመራችሁበት፣ አንድ የወደቃችሁበት፣ አንድ ከሰው ጋር የተጋጫችሁበት፣ አንድ ሐሳባችሁን የለወጣችሁበት፣ አንድ ያለ ሥልጣን ሰው ያሳመናችሁበት፣ አንድ ደግሞ የምትኮሩበት። እያንዳንዱን ታሪክ በሁለት ልክ አዘጋጁት። መጀመሪያ እንደ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፤ ምን ሆነ፣ እኔ ምን አደረግሁ። ጠያቂው «ቀጥል» ሲላችሁ እንደ መወድስ ወደ ስምንት ቤት ዘርጉት። ሳይጠየቅ መወድስ የሚያዥጎደጉድ ሰው በለፈለፉ ባፍ ይጠፉ ይሆንበታል።

ቃሉን አትያዙ፤ ቁጥሩን፣ የሰዎቹን ሥራና የነገሩን ቅደም ተከተል ያዙ። አንዱን ታሪክ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው በተለየ ቃል ተናገሩት። ወዳጃችሁ መሐል ላይ እንዲያቋርጣችሁ ለምኑት፤ መቋረጥን ያልተለማመደ ዝግጅት በመጀመሪያዋ ጥያቄ ይፈርሳል። ድምፃችሁን በስልክ ቅዱና ስሙ፤ ማፈር አይቀርም፣ ግን የሚያሳፍረው ከጠበቃችሁት ሌላ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔ ያፈርሁት በ«ስሪ» ሳይሆን በፍጥነቴ ነበር። የአነጋገር ቅላጼ የአገር ልብስ ነው፤ ንጹሕ ከሆነ ይበቃል። ፍጥነት ግን ንጹሑንም ቃል ያጨቀየዋል።

ያልገባችሁን «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» በሉ። በእኛ ዘንድ ትልቅን ሰው ማስደገም ድፍረት ስለሚመስለን ያልሰማነውን ጥያቄ እንመልሳለን። ሦስት ሰከንድ ዝም ብሎ ማሰብም ይፈቀዳል። የወረቀት ጣጣውንም አትናቁ፤ ጥሪው ላይ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት የሚለው በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው፤ የየትኛው አገር 3 ሰዓት እንደ ሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል። መብራት ቢጠፋ የሚተካ የተሞላ ባትሪ ይኑራችሁ።

*   *   *

አንዳንድ የብዕር ወዳጆቼ በዚህ ጽሑፍ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። «ራስን መሸጥ ነው፤ ለገበያ ነፍስን ማቅረብ ነው» ይሉኛል። ሐሳባቸውን አልንቀውም። ታሪኩን እየቀባቡ የሌለ ጀግንነት የሚደርሱ አሉ፤ ለዚህ ከፍ ያለ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያሠለጥን አማካሪም አለ። ያ በእርግጥ ሽያጭ ነው። ከዚያም በላይ ሚዛኑ ትክክል አይደለም። በእንግሊዝኛ ተወልዶ፣ በራት ጠረጴዛ ዙሪያ ገና በልጅነቱ «አንተስ ምን ታስባለህ?» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ እኛ በሃያ ስምንት ዓመታችን የምንለማመደውን ወግ በስምንት ዓመቱ ጨርሶታል። ይህን ኢፍትሐዊነት በጥሩ ዝግጅት ማጥፋት አይቻልም። ትምህርት ቤቶቹ ጨዋታው ለሁሉም እኩል ነው ሲሉ አልስማማም።

ነገር ግን «እኔ» የምትለው ቃል የገበያ ብቻ አይደለችም። የንስሐም ቃል ናት፤ የምስክርነትም ቃል ናት። «አየሁ፣ ሰማሁ፣ አደረግሁ» ሳይል የሚመሰክር የለም። እኛ ጸሐፍትና አንባብያንም ብንሆን «ተባለ፣ ተደረገ፣ ተበላሸ» በሚል ጭጋግ ውስጥ ስንት ዓመት ኖረናል? የመሥሪያ ቤት ሪፖርታችንን ተመልከቱ፤ ዕቅዱ «አልተሳካም»፣ ገንዘቡ «ባክኗል»፣ መንገዱ «ተጓትቷል»። ብርጭቆው ዛሬም ራሱን ይሰብራል። ስለዚህ ያ ፈረንጅ በሆቴሉ ወንበር ላይ ሦስት ጊዜ የደጋገመብኝ ጥያቄ ከትምህርት ቤቱ መግቢያ የሚሰፋ ይመስለኛል። «እኛ»ን እንድንጥል አልመክርም፤ በውስጡ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ቆጥረን እንድንጠራቸው እንጂ።

ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ በ2011 ዓ.ም. በስካይፕ ነበር። ጠያቂዋ የወደቅሁበትን ጊዜ ስትጠይቀኝ የእትዬን ስም ጠርቼ ጀመርሁ። «በጠዋት ነገረችኝ። አልሰማሁም» አልሁ። የቀረውንም በአጭሩ፣ 46ቱን ጆንያ፣ የሳምንቱን መዘግየት፣ የዋጋውን ቅናሽ። «ስሪ» ሁለት ጊዜ አምልጦኛል። ጠያቂዋ «ከዚያ በኋላ ምን ለወጥህ?» አለችኝ፤ ይህ በዝግጅቴ ውስጥ አልነበረም፣ ግን እውነት ስለ ሆነ መፈለግ አላስፈለገኝም። ጭነት ከመነሣቱ በፊት ከለቃሚዎቹ አንዷ ጆንያ ከፍታ እንድታይ ደንብ አስወጥቼ ነበር።

ተቀበሉኝ። ከመሄዴ በፊት ለእትዬ ነገርኋቸው፤ ታሪኩን እንዴት እንደ ተናገርሁትም ጭምር።

«ስሜን ነገርካት?» አሉ።

«ነገርኋት።»

«በትክክል ጠራችው?»

«አልጠራችውም እትዬ፤ ሰባበረችው።»

በሳቅ ፈነዱና ወደ ቀበቶው እየተመለሱ «እንግዲያማ እሷም እንዳንተው ናታ!» አሉኝ።

ቸር እንሰንብት።